የጥናት ማስረጃ ካርታ ለጤናና ለአካባቢ ንጽሕና ዕቅድ ያለው ጥቅም

መግቢያ

መምህሩ በጤና ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለተማሪው የሚናገረው ቃል በማስረጃ ላይ የቆመ ሊሆን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ስለ አንድ በሽታ የተካሄዱት ጥናቶች በልዩ ልዩ አገሮችና ዘመናት የተበታተኑ በመሆናቸው፣ ዕቅድ አውጪው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እጁ የገባውን ወይም ሐሳቡን የሚደግፍለትን አንዱን ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ለማቃለል ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የጥናት ማስረጃ ካርታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የካርታውን አሠራርና አነባበብ፣ አገራችንን በብርቱ በሚመለከተው በትራኮማ ማለትም በዐይነ ማዝ ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

የካርታው አሠራር

ካርታ ይባል እንጂ ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወሰዱት እርምጃዎች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ የሚጠበቁት ውጤቶች ይደረደራሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ጉዳዩን የመረመሩት ጥናቶች ከነጥራታቸው ደረጃ ይመዘገባሉ። የትኛው ጥናት እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው መመዘኛ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት መጻፍ አለበት፤ አለዚያ መራጩ የወደደውን ብቻ ይሰበስባል።

የትራኮማ ምሳሌ

የዓለም ጤና ድርጅት ለትራኮማ መከላከያ የተቀበላቸው እርምጃዎች አራት ናቸው፤ እነዚህም ቀዶ ሕክምና፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ሁኔታ መሻሻል ናቸው። መድኃኒቱን በሚመለከተው ረድፍ፣ አዚትሮማይሲን ለመላው ሕዝብ ሲታደል በዐይን ውስጥ ያለው ተሕዋስ እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ ይገኛል። በሁለቱ የመጨረሻ ረድፎች ግን ነገሩ ይለያል።

በታንዛንያ በኮንግዋ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ጥናት፣ ከዐይን ቅባት ሕክምና ጋር የፊት መታጠብ ቅስቀሳ የተደረገባቸው መንደሮች ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ከባድ ትራኮማ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የጋምቢያ ጥናት ደግሞ፣ በሕፃናት ዐይን ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በፀረ ነፍሳት ርጭት በ88 በመቶ፣ በመጸዳጃ ቤት ግንባታ በ30 በመቶ መቀነሳቸውን ገለጸ፤ ነገር ግን በመጸዳጃ ቤት የታየው የበሽታው መቀነስ በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት ሊለይ አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ከመድኃኒት እደላ በኋላ መጸዳጃ ቤት በስፋት የተሠራባቸው መንደሮች በሁለት ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ውጤት አላሳዩም። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናትም፣ የውኃና የንጽሕና መርሐ ግብር ለሦስት ዓመታት ቢሰጥም የዐይን ተሕዋሱ አለመቀነሱን አመለከተ።

የካርታው አነባበብ

በንባብ ጊዜ ከሦስት ስሕተቶች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

1. ባዶ ሣጥን «እርምጃው አይጠቅምም» ማለት አይደለም፤ ገና አልተጠናም ማለት ነው። ተጠንቶ ለውጥ ካልታየበት ሣጥን ጋር መደባለቅ የለበትም።

2. በአንድ ዓምድ የደከመ እርምጃ በሌላው ሊበረታ ይችላል። በቅርብ የተገነባ የውኃ ቦታ ትራኮማን በሦስት ዓመት ባይቀንስም፣ ሴቶችና ልጃገረዶች ውኃ ለመቅዳት የሚያጠፉትን ጊዜ ያሳጥራል።

3. የጥናት ብዛት ብቻውን ክብደት አይሆንም። ጥናቱ የት፣ ለምን ያህል ጊዜና ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተካሄደ መታየት አለበት። የኮንግዋና የዋግ ኽምራ ውጤቶች የተለያዩበትን ምክንያት መመርመር፣ አንዱን ጥሎ ሌላውን ከማንሣት ይሻላል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ የምንማረው ተማሪውን «ፊትህን ታጠብ» ማለታችንን እንድንተው አይደለም። ስንፈራው የሚገባው «ከታጠብህ አትታመምም» የሚለውን ተስፋ ነው። በየዕለቱ ታጥቦ የታመመ ልጅ ቀጥሎ መምህሩ የሚነግረውን ሁሉ ይጠራጠራል። ስለዚህ መርሐ ትምህርቱ የፊት ንጽሕናን ከመድኃኒት እደላው ጋር አጣምሮ ማቅረብ፣ የእያንዳንዱንም እርምጃ የማስረጃ መጠን ሳይደብቅ መግለጽ ይገባዋል።

ዕቅድ አውጪውም በጀት ከመመደቡ በፊት ሠንጠረዡን ቢዘረጋ፣ ገንዘቡን በተረጋገጠው ላይ ለማዋልና ገና ባልታወቀው ላይ ጥናት ለማዘዝ ይረዳዋል። ካርታው መንገዱን ያሳያል እንጂ ተጓዡን አይተካም፤ ውሳኔው ምንጊዜም ሥራውንና ሕዝቡን የሚያውቀው ሰው ኃላፊነት ነው።