ትንንሾቹ ሆኪን ለምን በሜዳው ወርድ ይጫወታሉ?

ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ወላጅ ልጁን አይስ ሆኪ ሊያስጀምር ሲወስድ ግር የሚለው ነገር አለ። ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ እያለው፣ ሕፃናቱ በአንድ በኩል ተሰብስበው በወርዱ ይጫወታሉ። ጎሉ ትንሽ ነው፤ ውጤት የሚመዘግብም የለም። «ልጄ ዋናውን ጨዋታ የሚጫወተው መቼ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ለዚያ ዕድሜ ዋናው ጨዋታ ይኸው ነው።

ሙሉው ሜዳ ቢሰጣቸው የሚሆነው ግልጽ ነው። ቀድሞ መንሸራተት የቻለው አንድ ልጅ ፓኳን (በዱላ የምትገፋውን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ይዞ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ከኋላው ሲከተሉ ይውላሉ። ሜዳው ሲጠብ ግን ፓኳ ሁሉም ጋ ትደርሳለች፤ ልጁ በየቅጽበቱ መታጠፍ፣ መቆም፣ ቀና ብሎ ማየት ይኖርበታል። የአሜሪካ የሆኪ ፌዴሬሽን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የሥልጠና መርሐ ግብር ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት አስፋፋው። ካናዳም ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች ግዴታ አደረገችው። ጨዋታው ሲጀመር በየደቂቃው ወይም በየደቂቃ ተኩሉ ደወል ይደወላል፤ በሜዳ ያሉት ይወጣሉ፣ ተራ የሚጠብቁት ይገባሉ። በረኛነቱም በተራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መንሸራተት አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቁትም በእሱ ነው። በረዶ የሚያንሸራትተው የሰውነት ክብደት ተጭኖ ስለሚያቀልጠው ነው ሲባል እንሰማለን። 20 ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ክብደት ግን ለዚያ አይበቃም፤ እሱም ይንሸራተታል። በበረዶው ገጽ ላይ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ከሥር እንዳሉት አጥብቀው ስላልተያያዙ፣ ከዜሮ በታች 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ እንኳ እንደ ስስ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። ስለዚህ እንደ መራመድ ወደ ኋላ የገፋ ልጅ እግሩ ያመልጠዋል፤ ወደ ፊት አይሄድም። የጫማው ስለት ከሥሩ በስሱ ስለተቦረቦረ የውስጥና የውጭ ሁለት ጠርዝ አለው። ልጁ ጣቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በውስጠኛው ጠርዝ በረዶውን ወደ ጎን ሲገፋ ነው የሚሄደው። ጥሩ አሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ አወዳደቅና አነሣሥ ያስተምራል፦ በጎን መውደቅ፣ በጉልበት መንበርከክ፣ አንዱን እግር ማቆም፣ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ መነሣት። መውደቅ የማይፈራ ልጅ ቶሎ ይማራል።

ዱላው ብዙ ቆይቶ ቢመጣ አይጎዳም። አገር ቤት ያደገ ሰው የገና ጨዋታን ስለሚያውቅ ቆልማማ ዱላ አይገርመውም፤ እዚህ ግን ርዝመቱ ወሳኝ ነው። ልጁ ጫማውን አድርጎ ሲቆም አገጩ አካባቢ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ከረዘመ ክርኑን አስሮ ይይዘዋል። የአዋቂዎቹ ፓክ 170 ግራም ገደማ ስለምትመዝን ለትንንሾቹ 113 ግራም ገደማ የምትሆን ሰማያዊ ፓክ አለች። በሰውነት መጋጨትን የሚፈሩ እናቶችም ይረጋጉ፦ አሜሪካ በ2011፣ ካናዳ በ2013 ከ13 ዓመት በታች ከልክለውታል።

የሚያስቸግረው ወጪው ነው። ለዚህ ነው የኒል ሄንደርሰን ሥራ የሚከበረው። ዋሽንግተን ውስጥ በፎርት ዱፖንት የበረዶ ሜዳ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመሠረቱት ክለብ፣ ሆኪ የሀብታም ነጮች ጨዋታ ይባል በነበረበት ዘመን የሠፈሩን ጥቁር ልጆች አሠለጠነ። በ2019 በአሜሪካ የሆኪ የክብር መዝገብ ስማቸው ሰፈረ። ዛሬም በብዙ ከተሞች ለጀማሪዎች ነፃ የሙከራ ቀንና የኪራይ ዕቃ ስለሚገኝ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ነውር የለውም፤ የራስ ቁሩ ላይ የተለጠፈው ማብቂያ ቀን አለማለፉን ብቻ እዩ። ጫማውን ግን «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ፤ ሰፊ ጫማ ቁርጭምጭሚት አይዝም፣ ልጁም ጠርዙን ሊጠቀምበት አይችልም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሳል ስለሚሸጥ፣ ልጁ በረዶ ላይ ከመውጣቱ በፊት አስሉት።