«ጨዋው» ተከላካይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኢጣሊያዊው ተከላካይ የክላውዲዮ ጄንቲሌ የቤተሰብ ስም በአገሩ ቋንቋ «ጨዋ፥ ደግ» ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የተጋጠሙ አጥቂዎች ግን፥ መልአኩ በዚያን ቀን ተሳስቷል ሳይሉ አይቀሩም።

ጄንቲሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በሊቢያ፥ በትሪፖሊ ከተማ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኢጣሊያ ተሻገረ። ከ1973 እስከ 1984 ዓ.ም. በዩቬንቱስ ቡድን ተሰልፎ 6 ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም 71 ጊዜ ተጫወተ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን በ1982 ዓ.ም. በእስፓኝ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው። ሰኔ 29 ቀን በባርሴሎና ከተማ ኢጣሊያ ከአርጀንቲና ጋር ስትገናኝ፥ አሠልጣኙ ኤንዞ ቤአርዞት ወጣቱን ማራዶናን እንዲጠብቅ አዘዙት። ጄንቲሌም እንደ ጥላ ተከተለው፤ ጎተተው፥ ገፋው፥ ጣለው። በዚያ ጨዋታ በማራዶና ላይ 23 ጥፋት ተቆጠረ። ጄንቲሌ ያገኘው ቅጣት አንድ ቢጫ ካርድ ብቻ ነበር፤ ኢጣሊያም 2 ለ 1 አሸነፈች።

ከስድስት ቀን በኋላ ተራው የብራዚሉ የዚኮ ሆነ። ዚኮ የተቀደደ ሸሚዙን ለዳኛው ቢያሳይም ፍጹም ቅጣት ምት አልተሰጠውም። ኢጣሊያ 3 ለ 2 ረታች፤ ጄንቲሌ ግን ሁለተኛ ቢጫ ካርድ ስላገኘ፥ ከፖላንድ ጋር የተደረገው ግማሽ ፍጻሜ አመለጠው።

እንግዲህ ፍርዱ ለማን ይሰጥ? ግማሹ ሰው ጨዋታን የሚያበላሽ ጨካኝ ነው ይለዋል፤ ግማሹ ደግሞ የታዘዘውን በታማኝነት የፈጸመ ሠራተኛ ነው ይላል። እኛ ግን ጥያቄው ፊሽካ ለያዘውም ሰው መቅረብ አለበት እንላለን። ሃያ ሦስት ጥፋት በአንድ ካርድ ከታለፈ፥ ተከላካዩ የተፈቀደለትን ያህል ሄደ ማለት ነው። ከኋላ ገብቶ ተጫዋችን ለጉዳት የሚያጋልጥ በቀይ ካርድ እንዲባረር በግልጽ የታዘዘው ገና በ1998 ዓ.ም. ነው።

ደግሞም በማድሪድ የተደረገውን ፍጻሜ አንርሳ። ኢጣሊያ ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1 ስታሸንፍ፥ ፓኦሎ ሮሲ በራሱ መትቶ ያስቆጠረውን የመጀመሪያ ጎል ከቀኝ በኩል ያሻገረለት ይኸው ጄንቲሌ ነበር። ሸሚዝ በመጎተት የታወቀው ሰው፥ ኳስንም ያውቅ ነበር።