የስልክ ማዞሪያው መልሱን ከየት ያምጣ?

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የባልደረባውን የውስጥ መስመር ቁጥር በደወለ ቁጥር፣ ማዞሪያው በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፤ ቁጥሩ የማን ነው? ሰውየውስ የሚገኘው በየትኛው ስልክ ላይ ነው? ቀድሞ መልሱ በመዳብ ሽቦዎች አገጣጠምና በማዞሪያ ሠራተኛዋ አእምሮ ውስጥ ነበር። ማዞሪያው በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ከሆነ ወዲህ ግን መልሱ የት ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ በባለሙያው ምርጫ ላይ ወድቋል። ምርጫው ሲያዩት ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ሌሊት ከክሊኒክ የሚደወል ስልክ መነሣት አለመነሣቱን ሊወስን ይችላል።

ለምሳሌነት አስቴሪስክን እንውሰድ። ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ለጥቃቅን ድርጅቱ ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ ቢያጥረው ራሱ ለመሥራት ተነሣ። አስቴሪስክ በመነሻው የደንበኞችን ዝርዝርና የጥሪ መመሪያውን የሚያነበው ከጽሑፍ ፋይሎች ነው። ሥራ ሲጀምር ፋይሎቹን አንብቦ ወደ ማኅደረ ትውስታ ያስገባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥሪ ማንንም መጠየቅ አያሻውም። ጉድለቱ በአስተዳደሩ በኩል ነው። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ መጻፍ፣ ከዚያም ማዞሪያው ፋይሉን ዳግም እንዲያነብ ማዘዝ አለበት። ሠላሳ ስልክ ላለው ቢሮ ይህ ምንም አይደለም፤ ሦስት ሺህ ስልክ ላለው ተቋም ግን የስሕተት ምንጭ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዝርዝሩን እንደ ማይኤስኪውኤል ባለ የመረጃ ቋት ውስጥ አስቀምጦ፣ ማዞሪያው በጥሪ ጊዜ ቋቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። አስቴሪስክ ይህን አሠራር ‹ሪልታይም› ይለዋል። በድረ ገጽ ቅጽ ላይ የተሞላ አዲስ ቁጥር ወዲያው ይሠራል፤ ሁለት ማዞሪያዎችም አንድ ቋት መጋራት ይችላሉ። ብዙዎችን የሚማርከው ይህ ነው።

የስልክ ጥሪ ግን ትዕግሥት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሲፕ ፕሮቶኮል እንደሚደነግገው፣ ጥሪ የጠየቀ ስልክ በ500 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምንም ምላሽ ካላገኘ ጥያቄውን በዩዲፒ ደግሞ ይልካል፤ ቀጥሎ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያም ሁለት ሰከንድ እያለ የቆይታውን ጊዜ በእጥፍ እያሳደገ ይደጋግምና በ32ኛው ሰከንድ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ቋቱ በዘገየ ጊዜ ማዞሪያው ደጅ የሚሰለፈው መልእክት ይበዛል፤ ሸክሙ የሚከብደው ጉልበቱ በደከመበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ሸክሙን በቁጥር ማየት ይቻላል። ስልኮች ያሉበትን አድራሻ ለማዞሪያው በየጊዜው ያስመዘግባሉ። 500 ስልኮች በሰዓት አንድ ጊዜ ቢያስመዘግቡ ቋቱ ላይ የሚጻፈው በየሰባት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በየደቂቃው ቢሆን ግን በሰከንድ ከስምንት ጊዜ በላይ ይሆናል። ይህም ቢሆን ለዛሬ ኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ላይ ለመመዝገብ ሲሻሙ፣ የቋቱ ኮምፒዩተርም ገና ተነሥቶ ያልጨረሰ እንደሆነ ነው። የጥሪ መመሪያው ራሱ በቋት ውስጥ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ የጥሪ እርምጃ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ አሥር እርምጃ ያለው ጥሪ ከአሥር ያላነሰ ጊዜ ቋቱን ያንኳኳል። በእኔ አስተያየት የጥሪ መመሪያን ወደ ቋት ማስገባት ከሚያስገኘው ጥቅም ጉዳቱ ያይላል።

እርግጥ ቋትና ስልክ ባላንጣዎች አይደሉም። የስዊድኑ ኤሪክሰን ምኔዥያ የተባለውን ቋት ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ሲያዘጋጅ፣ መረጃው ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዲኖርና በሌሎች ኮምፒዩተሮችም ላይ ቅጂው እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። አስቴሪስክም ለጥቃቅን ጉዳዮች በውስጡ የያዘው የራሱ ትንሽ ቋት አለው። ችግሩ የሚመጣው መልሱ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ ከኔትወርክ ገመድ ማዶ ሲሆን ነው።

መረጃውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የጥሪ መዝገብ፣ ማለትም ማን ለማን መቼ ደውሎ ስንት ደቂቃ ተነጋገረ የሚለው፣ የሚጻፈው ጥሪው ካበቃ በኋላ ስለሆነ ያለ ሥጋት ወደ ቋት ሊገባ ይችላል፤ ለመጠባበቂያ ያህል በተራ ፋይልም ጎን ለጎን ማስጻፍ ይቻላል። የድምፅ መልእክቶች ግን ቋቱን ከማሳበጥ በቀር ብዙ ፋይዳ የላቸውም።

ለደንበኞች ዝርዝር አንድ መካከለኛ መንገድ አለ። ፍሪፒቢኤክስ የተባለው የአስቴሪስክ ማስተዳደሪያ ዝርዝሩን በቋት ይይዛል፤ አስተዳዳሪው ለውጡን ሲያጸድቅ ግን ከቋቱ የጽሑፍ ፋይሎችን ያመነጫል፤ ማዞሪያው የሚያነበውም እነዚህኑ ፋይሎች ነው። ለውጡ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይም፣ በአንድ ቴክኒሺያን ለሚተዳደር የጥቂት መቶ ስልኮች ተቋም እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ቁጥሮች በየሰዓቱ ለሚከፈቱበትና ለሚዘጉበት፣ በብዙ ማዞሪያዎች ለሚያገለግል ድርጅት ግን ሪልታይም ይሻላል፤ ይህ የሚሆነው ቋቱ በሁለት ኮምፒዩተር ላይ ተባዝቶ ከተቀመጠ፣ ማዞሪያውም የቅርብ መልሶችን ለተወሰነ ጊዜ በማኅደረ ትውስታው እንዲያቆይ ከተደረገ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ሥርዓቱ ለአገልግሎት ከመከፈቱ በፊት ቋቱን ሆን ብሎ አጥፍቶ ከጥበቃው ቤት ወደ ክሊኒኩ መደወልና ስልኩ ለመጥራት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከዚያም ማዞሪያውን ራሱን አጥፍቶ፣ ቋቱ ሳይነሣ ማስነሣትና ያንኑ ቁጥር ዳግም መደወል ነው።