በጭስ የሚዘጋጅ ዓሣ ደኅንነት በወረርሽኙ ወቅት

ኮቪድ-19 በምግብ አማካይነት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በዓሣ ማቀነባበሪያዎች ቫይረሱ የሚያሰጋው ጎን ለጎን ቆመው ዓሣ የሚያርዱና የሚያሽጉ ሠራተኞችን ነው። ስለዚህ ጭምብል፣ እጅ መታጠብና የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ሠራተኛውን ይጠብቃሉ እንጂ የመመገቢያ ዓሣውን ደኅንነት አያረጋግጡም። የሠራተኛውን ሙቀት በበር ላይ እየለካ የዓሣውን ሙቀት መለካት የተወ ድርጅት ግዴታውን ተወጥቷል ሊባል አይችልም።

ዋናው ሥጋት ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በሚገቱበት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ቀስ በቀስ ይራባል። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ብትያዝ ራሷ ቀላል ትኩሳት ብቻ ተሰምቷት ፅንሱ ሊጨናገፍ ይችላል። ሆቴሎች ተዘግተው ምርቱ በመጋዘን ሲከማች ባክቴሪያው የመራቢያ ጊዜ ያገኛል፤ በመሆኑም የመጠቀሚያ ጊዜን በግምት ማራዘም ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ቦቱሊዝም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ፣ አየር በሌለው እሽግ የተሸጠ በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። መርዙን የሚያመነጨው ተሕዋሲ አየር አይፈልግም፤ በዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነቱ እስከ 3.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚወርድ ቅዝቃዜም ሊያድግ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ በእንዲህ ያለ እሽግ ለሚሸጥ ዓሣ፣ በሥጋው ውስጥ ካለው ፈሳሽ አንጻር ሲሰላ ቢያንስ 3.5 በመቶ ጨው ይጠይቃል። በሙቅ ጭስ የሚዘጋጀው ደግሞ ውስጡ 62.8 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህም የሚለካው በትልቁ ዓሣ ወፍራም ሥጋ ውስጥ በሚገባ ቴርሞሜትር ነው፤ የምድጃው መለኪያ የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ጭስ የሚዘጋጅ ዓሣ ሊስቴሪያን የሚገድል ሙቀት ስለማያገኝ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሳያበስሉ እንዳይመገቡት ይመከራል።

በረኪና መርጨት በወረርሽኙ ምክንያት ተዘውትሮ ነበር። ይሁን እንጂ የዓሣ ስብና ደም ባልታጠበበት ጠረጴዛ ላይ ሲረጭ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙና ማጠብና ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ በዓሣው ላይ ግን ከቶ አይረጭም።

ሙቀትና ጨው የሚመዘግበው ባለሙያ በሕመም ከሥራ ሊቀር ስለሚችል ሌላ ሠራተኛ አስቀድሞ መሠልጠን ይኖርበታል። ተተኪ ካልተገኘ ማጨሱ ይቆማል፤ ልኬቱ ያልተመዘገበለት ምርትም ለገበያ አይቀርብም።