ገበያ ሳይደርሱ የተሰረዙ መሣሪያዎች

የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ጀምረው የሚተዋቸው ብዙ ዕቃዎች ከቤተ ሙከራ ሳይወጡ ስለሚቀሩ ሕዝብ ስማቸውን እንኳ አይሰማም። ጥቂቶቹ ግን በይፋ ከተዋወቁ ወይም ምስላቸው ሾልኮ ከወጣ በኋላ የተሰረዙ በመሆናቸው፣ የቀሩበትን ምክንያት መርምሮ መረዳት ይቻላል። የፓልም ፎሊዮ፣ የማይክሮሶፍት ኩሪየርና የአፕል ኤርፓወር ከእነዚህ መካከል ሲሆኑ፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ሲታዩ የተሸነፈው ዋናው ሐሳብ ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ተጣብቆ የመጣ አንድ ግዴታ እንደነበረ ይገለጣል።

ፓልም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መዳፍ ላይ በሚያርፍ የቀጠሮና የአድራሻ መያዣ ኮምፒውተር ስም ያተረፈ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነበር። መሥራቹ ጄፍ ሃውኪንስ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2007 ያስተዋወቀው ፎሊዮ 10 ኢንች ስክሪንና ሙሉ የፊደል ገበታ ያለው ቀላል ማሽን ሲሆን፣ ዋና ተግባሩም የስማርት ስልክን ኢሜይልና ሰነድ በሰፊ ስክሪን ማሳየትና ለመጻፍ ማመቻቸት ነበር። ይሁን እንጂ ፎሊዮ የሚሠራበት ፕላትፎርም፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚቆሙበት መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ኩባንያው ለስልኮቹ ከሚያዘጋጀው የተለየ ስለነበረ፣ ሥራ አስኪያጁ ኤድ ኮሊጋን ሁለት መሠረት በአንድ ጊዜ መገንባት አቅም እንደሚበትን በመግለጽ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 4 ቀን ሥራውን አስቆመ። ብዙም ሳይቆይ፣ በኦክቶበር ወር፣ የታይዋኑ አሱስ ኢ ፒሲ የተባለ ትንሽና ርካሽ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበና «ኔትቡክ» ለሚባሉት ማሽኖች በር ከፈተ፤ የአሱስ ማሽን እንደ ፎሊዮ የስልክ ጓደኛ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚቆም ኮምፒውተር ነበር።

የኩሪየር መሰናክል ደግሞ ከኩባንያው ነባር ምርቶች ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ምስሉ የወጣው ይህ መሣሪያ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 7 ኢንች የሚጠጉ ሁለት ስክሪኖች ያሉት፣ በጣትና በብዕር የሚሠራ ዲጂታል ማስታወሻ ደብተር ነበር። ማይክሮሶፍት በኤፕሪል 2010፣ የአፕል አይፓድ መሸጥ በጀመረበት ወር፣ መሣሪያውን የማምረት ዕቅድ እንደሌለው አስታወቀ፤ በኋላ የወጡ ዘገባዎች እንደሚያስረዱትም ኩሪየር ለኢሜይል የሚሆን የተሟላ ፕሮግራም የሌለው መሆኑና ከዊንዶውስ ጋር በሚገባ አለመጣጣሙ በአመራሩ ዘንድ ጥያቄ አስነስቶ ነበር። የዊንዶውስና የኦፊስ ሽያጭ የገቢው ምሰሶ ለሆነ ኩባንያ ከእነርሱ ውጭ የሚቆም ዕቃ ለመቀበል ከባድ ነበር። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰርፌስ ዱዎ የተባለ ባለሁለት ስክሪን ስልክ ለገበያ ሲያቀርብ ግን የጫነበት ሶፍትዌር የተቀናቃኙ የጉግል አንድሮይድ ነበር።

በኤርፓወር ላይ የመጣው እንቅፋት ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 ያስተዋወቀው ይህ ምንጣፍ መሰል ቻርጀር ስልክን፣ የእጅ ሰዓትንና የጆሮ ማዳመጫን በአንድ ጊዜ፣ በገጹ ላይ የትም ቢቀመጡ፣ ያለ ገመድ ኃይል እንዲሞላ ታስቦ ነበር። ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረግ የሚቻለው በቻርጀሩ ውስጥ ባለው ጥምጥም ሽቦ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በዙሪያው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ሲፈጥርና ይህም መስክ በስልኩ ውስጥ ባለው ሌላ ጥምጥም ላይ ኤሌክትሪክ ሲቀሰቅስ ነው። ሁለቱ ጥምጥሞች ፊት ለፊት ካልተገጣጠሙ ግን ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። «የትም ቢቀመጥ» የሚለውን ቃል ለመጠበቅ ብዙ ጥምጥሞችን አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ስለሚያስፈልግ፣ ባለሙያዎች የሙቀቱን ችግር ከዚሁ ጋር አያይዘው አስረድተዋል። አፕል በበኩሉ፣ በ2018 ይደርሳል ያለውን ዕቃ ማርች 29 ቀን 2019 ሲሰርዝ፣ የሚፈለገውን የጥራት ደረጃ አለመድረሱን ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ስረዛው የዓለም ወሬ የሆነው ማስታወቂያው ከምርቱ ስለቀደመ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ጋር ያቀረበው ማግሴፍ ስልኩና ቻርጀሩ በማግኔት ተሳስበው በትክክለኛው ቦታ እንዲገጣጠሙ በማድረግ፣ «የትም» የሚለውን ትቶ «እዚህ ብቻ» የሚለውን መርጧል።

እንግዲህ የስልክ ጓደኛ መሆን፣ ከዊንዶውስ ጋር መስማማትና የትም መቀመጥ፣ ሦስቱ መሣሪያዎች ሊሸከሙት ያልቻሉት ሸክም ሲሆን፣ ትንሹ ኮምፒውተር፣ ባለሁለት ስክሪኑ መሣሪያና ገመድ አልባው ቻርጀር የተመለሱት ያንን ሸክም ካራገፉ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ተሰረዘ በተባለ ጊዜ፣ ሐሳቡ መጥፎ ነበር ወይ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ባለቤቱ ሊተወው ያልፈለገው ግዴታ የትኛው እንደነበረ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል።