የተጎዳ ሃርድ ዲስክ ይረፍ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የፎቶ ቤቱ የሰርግ ቪዲዮ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የቤተሰቡም ፎቶ ማኖሪያ ነው። «ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ግን ለምዕራብ ጎጃም ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ስለዚህ ይህ ትንሽ ዕቃ ከሚሰጠው ክብር በላይ አደራ ተሸክሟል። ሲወድቅ፣ ወይም ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋበት፣ «አለቀለት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያለጊዜው ነው። ብዙውን ፋይል ለዘለዓለም የሚያጠፋው ከአደጋው ይልቅ «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክር» እየተባለ ደጋግሞ መሰካቱ ነው።

ለምን እንደሆነ የሚገባን ውስጡን ስናውቅ ነው። በማግኔት የተለበጡ ክብ ሳህኖች በአብዛኞቹ ኤክስተርናሎች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ጽሑፉን የሚያነበው ሄድ ሳህኑን ፈጽሞ አይነካም፤ ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው አየር ላይ ተንሳፍፎ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ያልፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር መሆኑን ስናስብ ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እንረዳለን። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ሽፋኑ ላይ ማጣሪያ ያላት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ አምራቾችም ብዙውን ጊዜ ከ3,050 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራበት ይወስናሉ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ግሽ ዓባይም ከወሰኑ በታች ነው። ስለዚህ በደጋው አየር ማሳበብ አይቻልም። ዲስኩ ወድቆ ሄዱ ከተጣመመ ግን ያ ክፍተት ይጠፋና ሄዱ ሳህኑን ይፍቃል። 5,400 በደቂቃ ማለት 90 በሰከንድ ነው፤ የአሥር ደቂቃ «ሙከራ» 54,000 ዙር ይሆናል። የተፋቀው ማግኔት ደግሞ ፋይሉ ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ወዲያው ይንቀለው።

ሁሉም ብልሽት እንዲህ የከፋ አይደለም። አንዳንዴ የተበላሸው ኬብሉ ብቻ ነው። አንዳንዴም ዲስኩ በደንብ እየዞረ ኮምፒውተሩ ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የፋይሎቹ ማውጫ ተጎዳ እንጂ ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ሳያነቡ «እሺ» የሚሉ ጣቶች እዚህ ላይ ብዙ ንብረት አውድመዋል። የዊንዶውስ ሙሉ ፎርማት በፋይሎቹ ላይ ዜሮ ይጽፋልና። ትክክለኛው ሥርዓት የተጎዳውን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያም ቅጂው ላይ መሥራት ነው። ለዚህ ዲዲሬስኪው የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፤ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆያል። የደረሰበትንም በመዝገብ ስለሚይዝ መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ከቅጂው ላይ ፋይሎቹን ለመፈለግ ደግሞ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ አሉ፤ እነሱም ነጻ ናቸው። የተገኘውን ፋይል በዚያው በተጎዳው ዲስክ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ግን ገና ያልተገኘውን መደምሰስ ነው።

«ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ፣ መታ መታ አድርጌ ሠርቶልኛል» የሚሉ አሉ። በድሮ ዲስኮች ሄዱ ሳህኑ ላይ አርፎ ይጣበቅ ስለነበር መንቀጥቀጥ አልፎ አልፎ ያላቅቀው ነበር። በዛሬዎቹ ኤክስተርናሎች ግን ሄዱ ሥራ ሲያቆም ከሳህኑ ውጪ ያርፋል፤ ከፍሪጅ የወጣ ዲስክ ደግሞ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ክዳኑን መክፈትም እንዲሁ ነው፤ በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንጣት ከሄዱ ክፍተት እጅግ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ «በአቅራቢያችን ልዩ ባለሙያና ንጹሕ ክፍል ከሌለ ከመሞከር ሌላ ምን አማራጭ አለን?» የሚለው ነው። አማራጩ መጠበቅ ነው። ከኤሌክትሪክ የተነቀለ ዲስክ ላይ ያለ ማግኔት በወራት ውስጥ አይደበዝዝም፤ ባለቤቱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ እስኪሄድ ድረስ ይቆያል። መቸኮል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለተኛ ቅጂ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ፎቶ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሥርዓት ሁለተኛ ዲስክ ይግዙ፤ በሌላ ቤት ያኑሩት። አንዱ ቢወድቅ ደግሞ ይንቀሉት፤ ባለሙያ እስኪገኝም መልሰው አይሰኩት።