በናይሮቢ በደባልነት ስለሚኖሩ ተማሪዎችና ስለ ቤት ኪራይ ክርክር

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚማሩ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሳይበቃ ሲቀር ከደባል ጋር ሆነው ቤት መከራየታቸው የተለመደ ነው። ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ብዙ በማይርቀው በንጋራ፤ እንዲሁም ለኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ በሆነው በካሐዋ ዌንዳኒ እንዲህ ያሉ ተከራዮች ይገኛሉ። ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ ስለ ትምህርቱ ክፍያ አጥብቆ ሲጠይቅ፤ ልጁ ከማን ጋር በምን ውል እንደሚያድር የሚጠይቀው ግን ከስንት አንድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ልዩ ልዩ ውሎች መኖራቸው ነው። አንደኛው ተከራይ ከአከራይ ጋር የሚዋዋለው ሲሆን፤ ሁለተኛው ደባሎቹ ስለ ድርሻቸው እርስ በርሳቸው የሚስማሙበት ነው። አከራዩ የሚያውቀው የፊተኛውን ብቻ ነው። ሁለቱም ፈርመው ውሉ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂዎች ናቸው የሚል ከሆነ፤ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከፈለገው ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 20,000 ሽልንግ ቢሆንና አንዱ 10,000 ከፍሎ ሁለተኛው ቢያስቀር፤ የከፈለው «ድርሻዬን ጨርሻለሁ» በማለቱ ከዕዳው ነፃ አይወጣም። የጓደኛውን ድርሻ ከፍሎ በኋላ ከጓደኛው መጠየቅ ግን መብቱ ነው። ደንቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1896 የጋራ ባለዕዳዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች መሆናቸውን ይደነግጋል።

የፈረመው አንዱ ብቻ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ያልፈረመው ድርሻውን በየወሩ ለጓደኛው በእጁ ይሰጣል፤ ጓደኛውም ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። አከራዩ ሲመጣ ያልፈረመው የሚያሳየው ደረሰኝም ውልም የለውም። ስለዚህ ድርሻን በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ፤ በኬንያ ከ2007 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር) ጀምሮ በሚሠራበት በኤም-ፔሳ መላክ፤ ቢቻልም በቀጥታ ለአከራዩ መክፈል ይሻላል። በስልክ የሚደርሰው መልእክት የተቀባዩን ስም፣ ልኩንና ቀኑን ስለሚይዝ ሊጠፋ አይገባውም።

የተቆጣ ደባል የጓደኛውን ኮምፒዩተር መያዣ አድርጎ እስከ መደበቅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ይህ ከቶ አይገባም። ስለ ኪራይ ዕዳ ንብረት የማስያዝ መብት ያለው አከራዩ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያስፈጽመው ፈቃድ ባለው ሐራጅ ሻጭ በኩል ነው። ደባል በጉልበቱ ዕቃ ቢወስድ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይለወጣል።

ሽማግሌ አስቀምጦ መነጋገር ካልረዳ፤ ብዙዎች የሚያስቡት የኪራይ ጉዳይ የሚመለከተውን ዳኝነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዳኝነት መደበኛ ኪራዩ በወር ከ2,500 ሽልንግ የማይበልጠውን መኖሪያ ቤት የሚመለከት ከመሆኑም በላይ፤ የተቋቋመው ለአከራይና ለተከራይ እንጂ ለደባሎች ሒሳብ አይደለም። ለእነርሱ የሚቀርበው በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት ተቋቁሞ በ2021 በሚሊማኒ ሥራ የጀመረው የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት ነው። እስከ 1,000,000 ሽልንግ የሚደርስ ክስ ያያል፤ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል፤ ባለጉዳዩም ያለ ጠበቃ ራሱ ሊቀርብ ይችላል። ለአከራይ እንዲያደርስ የተሰጠውን ገንዘብ ያስቀረ ደባል በዚህ ፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በመጀመሪያ የተሰጠው የመያዣ ገንዘብ ነው። አንዱ በትምህርቱ መካከል ሲለቅ ድርሻውን ከሚተካው ሰው ተቀብሎ ይሄዳል። አከራዩ ለውጡን በጽሑፍ ካልተቀበለ ግን የሄደው ሰው ስም በውሉ ላይ ይቀራል፤ አዲሱ ደባል ለሚያከማቸው ዕዳም ከወራት በኋላ ሊጠየቅበት ይችላል።